ከፕሬዚዳንቱ ጋር ያስታረቁኝ ዕለት

ፕሬዚዳንቱ እኔን አያውቀኝም። እኔም በቴሌቪዥን ሳሎን ድረስ ሲገባ ከማየት በቀር ከእሱ ጋር ትውውቅ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ «ሴትዮዋ ከፕሬዚዳንቱ ተጣልታ በሽማግሌ ታረቀች» የሚለውን ወሬ የሰማ ሰው አንድ ግብዣ ላይ የተናነቅን እንዳይመስለው ነው። ሰው ከሚስቱ ይጣላል፣ ከምራቱ ይጣላል፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ከማያውቀው ሰው ይጣላል። እኔ የደረሰብኝ ግን በዘመዶቼ ሁሉ ታሪክ ያልተሰማ ነው። በስተርጅና ከአንድ አገር መሪ ጋር ተጣልቼ ሽማግሌ ተቀምጦብኛል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካለ አፓርትመንት ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰነው ጓደኛዬ ለተብርሃን ትባላለች፤ እኔ ለተ እላታለሁ። የአስመራ ልጅ ናት። አማርኛውን እዚያው ትምህርት ቤት ስለተማረችው ከእኔ የተሻለ ትጽፋለች፤ ይህንን ግን ለእሷ ነግሬአት አላውቅም። አዲስ የመጣን ጊዜ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ አንዲት ካፖርት እየተፈራረቅን ለብሰን አውቶቡስ ጠብቀናል። እሷ ከሥራ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኛ እናርፋለን እንጂ ካፖርቷ አርፋ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባልም ቀበርን፣ ልጅም ዳርን፣ ሰፈርም ቀየርን፤ ከጎረቤትነት ግን አልተላቀቅንም።

ለተ አንድ ልጅ አላት፤ ዳላስ ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ እየደወለ «እማ፣ ነይና እኔ ጋ ኑሪ» ይላታል። እሷም «ይቺን ሴትዮ ለማን ጥያት ልምጣ?» ትለዋለች። ይቺ ሴትዮ የተባልኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ከጎን ሆኜ «ሂጂ፣ ምን አስቀመጠሽ?» እላታለሁ። ብትሄድ ከማን ጋር እንደምጨቃጨቅ አላውቅም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልናገርም።

የለተ ሳሎን ግድግዳ ላይ እመቤታችን አለች፤ ከእመቤታችን ቀጥሎ ፕሬዚዳንቱ፣ ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ ሟች ባሏ። ባሏ ድሮ ሁለተኛ ነበር። በምርጫው ማግስት ወደ ሦስተኛ ዝቅ ተደረገ። ማንም ሳያማክረው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያለ ይግባኝ።

ማታ ማታ ዜና የምናየው እሷ ቤት ነው። ዜናው ሊጀምር ሲል ነጠላዋን ታስተካክላለች። ፕሬዚዳንቱ ብቅ ሲል «ተመስገን፣ ዛሬም ደህና ነው» ትላለች፤ ሌሊቱን ታሞ ያደረ ይመስል። እኔም ማጉረምረም እጀምራለሁ።

የማጉረመርምበትን ምክንያት ላስረዳ። እኔ በሦስት መንግሥት ራዲዮ ያደግሁ ሴት ነኝ። መሪ ሲሞገስ ቃሉን ሳልሰማ በድምፁ ቅላጼ ብቻ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ መሪው መረቁ፣ በወጣትነቴ መሪው ጎበኙ፣ ጎልማሳ ስሆን መሪው አስገነዘቡ፤ ሰብሉ ግን በአብዛኛው ራዲዮ ላይ ነበር የሚያፈራው። ጋዜጠኛ መሪን አፋጥጦ የሚጠይቅበት አገር አለ ሲባል ሰምቼ መጣሁ። መጥቼ የማየው ምንድን ነው? ዜና አንባቢዋ የፕሬዚዳንቱን ስም ስታነሳ ፊቷ እንደ ሙሽራ እናት ይበራል። ዛሬ እጅጌውን ሰበሰበ። ዛሬ ሃምበርገር በላ። ዛሬ ውሻው በረዶ ላይ ሮጠ። ዛሬ ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ ሳተ፤ ሲስትም ያምርበታል። የእኛ ራዲዮ እኮ ዘበኛ ቆሞበት ነበር የሚያሞግሰው። በነዚህ ላይ ማን ቆመባቸው? ተገዶ የሚያጨበጭብ እጁን ያመዋል፤ ወዶ የሚያጨበጭብ ግን ጆሮውም አይሰማም።

«አንቺ ምቀኛ ነሽ» ትለኛለች ለተ። «ቴሌቪዥን ላይ መልከ መልካም ሰው ስታዪ ያምሻል።»

«መልኩን መች ነቀፍኩ? ሥራውን ይጠይቁት ነው ያልኩት።»

«ሥራውን እኔን ጠይቂኝ። ጉልበቴን ሠርቶልኛል።»

«ቢላዋውን የያዘው እሱ ነው?»

«እሱ ይዞት ቢሆን ኖሮ ጠባሳው እንዲህ አያስጠላም ነበር።»

እውነቷን ነው። ለተ ስንት ዘመን የሰው ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የጤና ኢንሹራንስ አልነበራትም። ጉልበቷ አብጦ ደረጃ ስትወጣ እንደ ሕፃን በእጇ ትድህ ነበር። አዲሱ የጤና ሕግ ሲመጣ ካርድ ደረሳት፤ ካርዱ ሐኪም አመጣላት፤ ሐኪሙም ጉልበት ሰጣት።

እኔ ደግሞ ሐኪም ነበረኝ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ከማገኛት ደመወዝ የምከፍላት ርካሽ ኢንሹራንስ ነበረችኝ፤ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለ ሽማግሌ ሐኪም በእሷ ያየኝ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሐኪማችሁን የሚነካባችሁ የለም ብሎ ነበር፤ እኔም አመንኩ። ያው ሕግ ሲመጣ የእኔ ኢንሹራንስ መስፈርት አታሟላም ተብላ ተሰረዘች። ሌላ ስገዛ ደግሞ ሐኪሜ ያንን አልቀበልም አለ። እንግዲህ አንዱ ሕግ ለለተ ጉልበት ሰጥቶ ከእኔ ሐኪም ወሰደ። ሁለታችንም ልክ ነን፤ ጭቅጭቁ የማያልቀውም ለዚህ ነው። አንዳችን ተሳስተን ቢሆን ኖሮ በአንድ ምሽት እንጨርሰው ነበር።

አንድ ቀን ፕሬዚዳንቱ ወደ ዴንቨር ሊመጣ ነው ተባለ። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያም ስደተኞች ስለ ጤናው ሕግ ምን እንደሚሉ ሊጠይቅ ወደ እኛ ሕንፃ መጣ። ምድር ቤት ባለው የስብሰባ ክፍል ወንበር ደርድረው፣ መብራት ተክለው፣ እኛን አሮጊቶቹን አስቀመጡን።

«በይ እንግዲህ» አለችኝ ለተ በሹክሹክታ። «እኔ ላይ የምትደነፊውን እዚህ ተናገሪ።»

«እናገራለሁ።»

«እናያለን።»

ተዘጋጅቼ ነበር። ሐኪሜን አነሳለሁ። የተባለውንና የሆነውን አነሳለሁ። በመጨረሻም ለጋዜጠኛዋ፣ «ልጄ፣ አንቺስ ለምን አትጠይቂውም?» እላታለሁ። ይህንን ሁሉ በእንግሊዝኛ መስታወት ፊት ቆሜ አጥንቼዋለሁ። ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን አስጠጋችልኝና «ፕሬዚዳንቱን ቢያገኙት ምን ይሉት ነበር?» አለችኝ።

ጥፋቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ባዶ እጅ አይወቀስም። ውሃ ጠፋብን ብሎ ቀበሌ የሄደ ሰው እንኳ መጀመሪያ ሊቀመንበሩን ይመርቃል። ምርቃቱ ከረዘመ ሊቀመንበሩ የወንበሩን መደገፊያ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ የሚከተለውን ያውቃላ! እኔም የያዝኩት ወቀሳ ከባድ ስለነበር በዚያው ልክ ከባድ ምርቃት ያስፈልገዋል ብዬ አሰብኩ። ብድግ አልኩ፤ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ» አልኩ። «ልጆችህን ያሳድግልህ። የጠላትህን ዓይን ይያዝልህ። አፈር ስትጨብጥ ወርቅ ይሁንልህ። ከክፉ ሰው፣ ከክፉ መንገድ፣ ከክፉ በሽታ ይሰውርህ። ያቀድከው ይቃናልህ።»

በየመሀሉ ሴቶቹ «አሜን!» ይላሉ። ከሁሉም በላይ ለተ ትጮኻለች። በሦስተኛው ላይ ካሜራ ያዡም «አሜን» ማለት ጀመረ። ጋዜጠኛዋ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን ቁርጥ ያለችውን ነገር አሁን ልናገር ነውና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ነገር ግን፣ ክቡር ፕሬዚዳንት...» ስል መብራቱ ጠፋ።

«በጣም ግሩም ነው!» አለች ልጅቱ። «የምንፈልገውን አግኝተናል።»

«እኔ እኮ ገና አልጀመርኩም።»

«አይ፣ አይ! ምንም አይጨመርበት!» ብላ አቀፈችኝ። ሰው ሲያቅፈኝ አልወድም። ቃሌ ሁሉ አፌ ውስጥ እንዳለ መሣሪያቸውን አጣጥፈው ሄዱ።

ማታ ዜናው ላይ ወጣሁ። እጄን ዘርግቼ እመርቃለሁ፣ ሴቶቹ አሜን ይላሉ፣ ከጀርባ ፒያኖ ይሰማል። እኔ ስናገር ፒያኖ አልነበረም። ስለ ሐኪሜ አንድ ቃል የለም። ዜና አንባቢዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ስለሚመጣው በረዶ አወራች። በሦስት መንግሥት ዘመን ሳላጨበጭብ ኖሬ ኦሮራ መጥቼ አጨበጨብኩ ማለት ነው።

ለተ እልል አለች። «ይኸው! በሆድሽ ትወጂው ነበር!»

«ቆርጠውት ነው።»

«ምኑን?»

«ዋናውን። ሐኪሜን...»

«ዝም በይ፣ እንደገና ሊያሳዩት ነው» አለችኝ።

በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ስሜ ተቀይሮ ጠበቀኝ። «የፕሬዚዳንቱ እናት» እያሉ ጉልበቴን ሊስሙ የሚጎነበሱ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ልጇን ይዛ መጥታ «ለነርስነት ልትፈተን ነው፣ ያንን ምርቃት ለእሷም ድገሙላት» አለችኝ። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ደገምኩላት። ልጅቱ አለፈች። ከዚያማ ተውት። ከቅዳሴ በኋላ ሰልፍ ሆነ። አረንጓዴ ካርድ የሚጠብቅ፣ መንጃ ፈቃድ የወደቀ፣ ባሏ የኮረፋት ሁሉ እየመጣ እጄን ይዘረጋዋል። እኔ በዕድሜዬ ተቺ ልሆን ተነስቼ አጥማቂ ሆኜ ቀረሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው መኮንን ያገኘኝ። መኮንን ከአየር ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ የሰፈራችን ሰው ነው። መኪናው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፕሬዚዳንቱን የሚያወግዝ የወግ አጥባቂዎች ራዲዮ ይሰማል፤ ተሳፋሪ ሲገባ ቶሎ ብሎ ወደ ሙዚቃ ይቀይረዋል። ፒዮሪያ ላይ ግሮሰሪው ፊት ለፊት መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ አየኝና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እርስዎም ተገዙ?»

«ማን ይገዛኛል? ቆርጠውብኝ ነው።»

«ቆረጡት!» ብሎ የመኪናውን መሪ በደስታ መታው። «ምን እላለሁ እኔ? ቴሌቪዥኑ ሁሉ የእሱ ሠርገኛ ነው እላለሁ፣ ሰው ይስቅብኛል። ይግቡ! አሁኑኑ ራዲዮው ጋ እንደውላለን።»

«ሐኪሜን እንዳነሳ ይፈቅዱልኛል?»

«የፈለጉትን! ብቻ እትዬ፣ በእናትዎ፣ እዚህ ምርቃት የለም። ጊዜ አይሰጡም። ቀጥታ ወቀሳው ላይ ይውደቁ።»

ስልኩን ይዘን ጠበቅን። እስክንገባ ድረስ «ወርቅ ግዙ» የሚል ማስታወቂያ ነገሩን፣ «ለክፉ ቀን የማይበላሽ ምግብ አከማቹ» የሚል ነገሩን፣ ተመልሰው ወርቁን ነገሩን። አከማችቼ ሳልጨርስ «ከኦሮራ አንዲት እናት አሉን!» ተባለ።

ቀጥታ ወደቅኩበት። «ይህ ፕሬዚዳንት የተናገረውን አላደረገም» አልኩ። «ጋዜጠኞቹም እንደ እጮኛ ያዩታል እንጂ አይጠይቁትም።»

ሰውየው በደስታ ጮኸ። ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ከኢትዮጵያ አልኩት።

«ከሶሻሊዝም ሸሽተው!»

«አይ፣ እህቴ ልትወልድ ስለነበር ላርሳት...»

«ሰማችሁ ወገኖቼ? ከሶሻሊዝም አምልጠው መጡ፣ እዚህ ቀድሟቸው ጠበቃቸው!»

«እኔ እንኳ ሐኪሜን...»

«እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ እናቴ!» አለና ወርቁ ተመልሶ መጣ።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ቴሌቪዥኑ ምርቃቴን ወስዶ ወቀሳዬን ጣለ። ራዲዮው ወቀሳዬን ወስዶ ምርቃቴን አስቀረ። ሐኪሜን ሁለቱም አልፈለጉትም። መኮንን ግን ፊቱ እንደ ፋሲካ በርቶ፣ «እትዬ፣ ይሄ ታሪክ ነው!» አለኝ። ታሪክ መሆኑን ያወቅሁት እሱ የቀዳውን ለሚያውቀው ሰው ሁሉ በስልክ ሲልክ ነው። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ብዙ ነው፤ ሹፌር ነዋ።

ወሬው ለተ ጋ ለመድረስ ከፒዮሪያ እስከ ቤታችን ካለው መንገድ የበለጠ ጊዜ አልፈጀበትም። ማታ ለዜና ስሄድ በሩን ከፍታ ደጁ ላይ ቆመች፤ ግቢ አላለችኝም።

«ዋይ! ለነዚያ ነው የነገርሽው?»

«እዚህ ሳሎንሽ ውስጥ ስንት ዓመት የተናገርኩት እኮ ነው፣ አዲስ ነገር አልጨመርኩም።»

«እዚህ ስትናገሪ ዝም ያልኩሽ ለምን ይመስልሻል? የቤት ነገር ስለሆነ ነው። እናት ልጇን ትቆጣለች። ለሚጠላው ጎረቤት ግን ዱላ አታቀብልም።»

«እሱ ልጄ አይደለም።»

«ለእኔ ነው።»

«የአንቺ ልጅ ዳላስ ነው ያለው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። «እውነትሽን ነው» አለች። «ዳላስ ነው ያለው።» በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከታች ፎቅ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ፣ በስንት ዓመት አንድ ቀን ሰላም ብሎኝ የማያውቅ፣ በሬን አንኳኳ። ራዲዮውን ሰምቶ ኖሯል። ባለቤቱ የጋገረችው የፖም ኬክ አመጣልኝ፤ አመሰገንኩ። ከዚያ ከኪሱ ለመኪና የሚለጠፍ ስቲከር አወጣ፤ የፕሬዚዳንቱ ስም ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት። «አልፈልግም» ልል ነበር። ግን ኬኩን ይዣለሁ። የሰው ኬክ ይዞ የሰውን ስቲከር እንዴት እንቢ ይባላል? «ቆንጆ ነው» አልኩ። «ለጥፍልኝ» ሳልለው እሱ ራሱ ወርዶ መኪናዬ ቂጥ ላይ ለጠፈልኝና በመዳፉ ደህና አድርጎ ጠፈጠፈው። ልልጠው ብል ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ስቲከሩ እንዳይታይ መኪናዬን የኋሊት ከአጥሩ ጋር ላስጠጋት ሞከርኩ። መኪና የሚያስተናብረው ጎልማሳ እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ በፊት ነው የሚገቡት!»

«እኔ በኋላ ነው የምገባው።»

«ለምን?»

«ስወጣ እንዲመቸኝ።»

«እማማ፣ ሁሉም ሰው በፊት ነው የገባው!»

«ሁሉም ሰው ያደረገውን ሁሉ አደርጋለሁ እንዴ?» አልኩትና የኋሊት ነዳሁ። ወደ አጥሩ አስጠጋኋት ስል የማርያም ማኅበር የተከላቸውን ጽጌረዳዎች ላያቸው ላይ ወጣሁባቸው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከበበኝ። ጽጌረዳውን ከጎማ ሥር ለማውጣት መኪናዋን ወደፊት ገፏት፤ ስትገፋ ጀርባዋ ለሕዝብ ታየ። በነጠላ ላይ ነጠላ የደረቡ ሴቶች፣ ባለፈው ሳምንት እጄን ይዘው ለልጆቻቸው ያስመረቁ፣ ስቲከሩን አንብበው እያማተቡ ሸሹኝ። ለተ መጨረሻ መጣች። መነጽሯን አወጣች፤ አነበበች፤ መነጽሯን መለሰች። ከሌላ ሰው ጋር ወደ ቤቷ ሄደች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል የማሸጊያ ፕላስተር ሲቀደድ ሰማሁ። ጭር ሲል ደግሞ ከልጇ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ «እሺ፣ ቅዳሜ ና» አለችው። ራት ሠርቼ ነበር። ሳልበላው ወደ ማቀዝቀዣ አስገባሁት።

መኮንንን ደውዬ ጠራሁት። ብዙ አልተናገርኩም። «ለተ ልትሄድ ነው» አልኩት። ጥፋቱን እሱም አውቆታል፤ በነጋታው አቶ ተሰማን ይዞ መጣ። አቶ ተሰማ ሰፈራችን ውስጥ ሽምግልና ሲባል የሚጠሩ ሰው ናቸው፤ ስንቱን ባልና ሚስት ከፍርድ ቤት በር መልሰዋል። የለተ ሳሎን ካርቶን በካርቶን ሆኖ ስለነበር ካርቶን ላይ ተቀመጥን።

«መጀመሪያ» አሉ አቶ ተሰማ፣ «የተጣሉት እነማን ናቸው?»

«እኔ ከእሷ አልተጣላሁም» አለች ለተ። «እሷ ናት እሱን ያዋረደችው። ከእሱ ትታረቅ።»

አቶ ተሰማ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፣ ወንድማማች አስታርቄአለሁ። ፕሬዚዳንት አስታርቄ አላውቅም። በእርሳቸው በኩል ማን ይቀርባል?»

ለተ ተነስታ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረደች፤ ያልታሸገው አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። «ይኸው ይስማ።»

መኮንን ሊስቅ ሲል አቶ ተሰማ አዩትና ዋጠው። ሽማግሌው በከባድ ድምፅ ወደ እኔ ዞሩ፦ «ልጄ፣ በእርሳቸው ላይ ያለሽን ቅሬታ በአጭሩ አስረጂ።»

«ቅሬታዬ ከእሱ ይልቅ ጋዜጠኞቹ ላይ ነው» አልኩ። «መሪ ሰው ነው፤ ይሳሳታል። ሲሳሳት ተሳሳትክ የሚለው ከጠፋ...»

«ጋዜጠኞቹ አልተከሰሱም።»

«ይከሰሱ!» አለ መኮንን።

«አንተ ዝም በል፤ ድምጿን በየስልኩ የበተንከው አንተ ነህ። ቀጥሎ ያንተ ጉዳይ ነው።»

ብዙ ተባባልን። ለተ ጉልበቷን አነሳች፣ እኔ ስቲከሩን በኬክ ሰበብ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ኬኩን የበላሁት መሆኑ ግን ጎዳኝ። በመጨረሻ አቶ ተሰማ እጃቸውን አነሱ። «ፍርዱ እንዲህ ነው» አሉ። «ለተብርሃን፣ አንቺ በእሳቸው ላይ አንድ ነቀፋ ትናገሪያለሽ። አንቺ ደግሞ ልጄ፣ አንድ ምስጋና ትናገሪያለሽ። ምስጋናው ግን በመጨረሻው ላይ ‹ግን› የሌለበት ይሁን።»

ለተ ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ፎቶግራፉ ዘንበል ብላ «ይቅር በለኝ» አለችው። ከዚያ፣ «ከስቷል» አለች።

«ይሄ ነቀፋ ነው እንዴ?» አለ መኮንን።

«ቆይ» አሉ አቶ ተሰማ። «ለምን ከሳ፣ ለተብርሃን?»

«ለሁሉም እሺ ስለሚል» አለች ለተ፣ ዓይኗን ከፎቶው ላይ ሳታነሳ። «አንዱን እሺ ይለዋል፣ ሌላውንም እሺ ይለዋል። ሰው እሺ ያለውን ሁሉ ከየት ያመጣል? አንዱ ጋ ሲሞላ አንዱ ጋ ይጎድላል። ያንን ደግሞ ማንም አይነግረውም፤ የከበቡት ሁሉ ይስቁለታል። ብቻውን ነው።»

 የራዲዮው ሰውዬ ወርቅና ደረቅ ምግብ እየሸጠ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣው አልሰማሁም። እኔም በስንት ዓመት ማጉረምረም አልወጣኝም።

ተራው የእኔ ሆነ። ቀላል መስሎኝ ነበር። የጀመርኩትን ሁሉ ‹ግን› እየተከተለው መጣ። ደህና ተናጋሪ ነው፣ ግን። ልጆቹን በሥርዓት አሳድጓል፣ ግን። የለተን ጉልበት አየሁ። ያን ቀን ካርቶኑን ሁሉ ያነሳችውና ያወረደችው ብቻዋን ነበር።

«ለተ ደረጃ እየወጣች ነው» አልኩ። «በእግሯ።»

‹ግን› ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። መኮንን የረሳሁ መስሎት ሊረዳኝ «ግን?» አለኝ። አቶ ተሰማ በክርናቸው ጎሸሙት። ዋጥኳት።

«ታርቃችኋል» አሉ አቶ ተሰማ። እኔንና ለተን አሳሳሙን። ከዚያ ፎቶግራፉንም ሳሚ ተባልኩ። ሰው መሳም አላበዛም፤ የፕሬዚዳንት መስታወት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ጉንጬን አስነካሁትና ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ሁለተኛ ቦታው ላይ። ሽማግሌው መርቀውን መኮንንን ይዘው ሄዱ። እውነቱን ለመናገር የአቶ ተሰማ ምርቃት ከእኔው አይደርስም።

ለተ ካርቶን ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ካርቶኖቹ እንደታሸጉ ናቸው፤ ስለ ቅዳሜ የተነሳ ነገር የለም። እኔም አልጠየቅኩም። የዜና ሰዓት ሆኗል፤ ቴሌቪዥኑን አልከፈተችውም።

«ያ ሐኪምሽስ?» አለችኝ በድንገት።

«የቱ?»

«ያ የኮልፋክሱ። ‹ሐኪሜ› ብለሽ በጀመርሽ ቁጥር አንድ ሰው ያቋርጥሻል። እኔም አቋርጬሻለሁ። ምን ሆነ?»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስሜን ሳያንገዳግድ የሚጠራ ብቸኛው አሜሪካዊ እንደነበር ነገርኳት። ባሌ የሞተ ሰሞን ደሜን ለክቶ ሲጨርስ መሣሪያውን ሳይፈታ ክንዴ ላይ ትቶ፣ ዝም ብሎ አጠገቤ እንደተቀመጠ ነገርኳት። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። አዲስ የተመደበችልኝ ሐኪም ጥሩ ልጅ ናት፤ ኮምፒዩተሩን እያየች ነው የምታወራኝ። ደሜ ከፍ ብሏል አለችኝ፤ ከምን እንደሆነ ግን...

ስልኩ ጮኸ። ለተ አንስታ ድምፁን ክፍት አደረገችው። ልጇ ነው፣ ከዳላስ።

«እማ፣ ትልቅ መኪና ተከራየሁልሽ። ቅዳሜ በጠዋት እደርሳለሁ፤ ዕቃው አልቋል?»

«ቅዳሜ አትምጣ» አለችው ለተ።

«ለምን? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ሴትዮዋ እያወራችኝ ነው» አለችውና ስልኩን ዘጋችው። ካርቶኑን ወደ እኔ አስጠጋች። «ቀጥዪ» አለችኝ። «ደምሽ ከፍ ብሏል አለችሽ። ከዚያስ?»